ፓድፋክ፤ ከአንደኛ ዓመት በፊት ያለው ዓመት

ማትሪክ አልፎ፣ ለምህንድስና ተመርጦ ሶቪየት ኅብረት የገባ ኢትዮጵያዊ ተማሪ የኦምን ሕግ ያውቀዋል። ቮልቴጅ ማለት ከረንት በሬዚስታንስ ሲባዛ እንደሆነ በእንግሊዝኛ በቃሉ ይወጣዋል፤ ጥያቄ ቢሰጡትም ይሠራዋል። ኪየቭ ወይም ሚንስክ ደርሶ ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ሲቆም ግን፣ «ቪ» ብሎ የሚያውቀው ቮልቴጅ «ኡ» ሆኖ ይጠብቀዋል። በሦስት ፊደል ይጽፈው የነበረው ታንጀንት በሁለት ፊደል ተጽፏል። የአስርዮሽ ነጥቡ ኮማ ሆኗል፤ ፓይም «ሦስት ኮማ ዐሥራ አራት» ነው። ኤክስ «ኢክስ»፣ ዋይ «ኢግሬክ» ይባላሉ። አስተማሪዋ ቀመሩን በጠመኔዋ እየጠቆመች ጮክ ብሎ እንዲያነብላት ትጠይቀዋለች። ልጁ ትርጉሙን አሳምሮ ያውቃል፤ አፉ ግን አይታዘዝለትም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ብቻ የቆመ የትምህርት ተቋም ነበር። በመዝገብ ስሙ «የውጭ ዜጎች የዝግጅት ፋኩልቲ» ይባላል፤ ያለፉበት ሁሉ ግን ፓድፋክ ይሉታል። ራሺያ የተማሩ መሐንዲሶቻችን አንድ ላይ ሲቀመጡ ስሙ ሳይነሣ አይቀርም። ታሪኩ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው እንደ ቀዝቃዛው ጦርነት አንድ ምዕራፍ ተደርጎ ነው። ፖለቲካ በእርግጥ ነበረበት፤ እመጣበታለሁ። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን የማስተማር ጥበቡ ነው። ለምህንድስና የሚዘጋጅ የውጭ ተማሪ መጀመሪያ ቋንቋ ተምሮ ከዚያ ወደ ሙያው የሚሸጋገር አይደለም፣ ሁለቱን በአንድ ክፍል በአንድ ጊዜ መማር አለበት የሚለውን ሐሳብ በተማሪዎች ቁጥር ብዛት የፈተነው ይህ ተቋም ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፓድፋክ ከመፈጠሩ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ሩሲያ ሄደው የቴክኒክ ሙያ የተማሩ ኢትዮጵያዊ አሉ። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከዐድዋ ድል በኋላ ገና በልጅነታቸው ኒኮላይ ሊዮንቲየቭ ከተባለው ሩሲያዊ ጋር ተጉዘው፣ በሩሲያውያን ቤት አድገው፣ በፒተርስበርግ በሚካሂሎቭስኪ የመድፈኛ ትምህርት ቤት ተማሩ። መድፈኛነት ያኔ የሒሳብና የጂኦሜትሪ ሙያ ነበር። አገራቸው ሲመለሱ በ1931 የወጣውን ሕገ መንግሥት አረቀቁ፤ ጣሊያን በወረረን ጊዜም በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ ተሟገቱ። የእርሳቸው የዝግጅት ጊዜ ግን ዓመታት የፈጀ የኑሮ ትምህርት ነበር፤ ሩሲያኛን ያገኙት ከማዕዱና ከጓዳው ነው። እንዲህ ያለው መንገድ ለአንድ ጎበዝ ልጅ ይሆናል። በየዓመቱ በአውሮፕላንና በመርከብ ለሚመጡ በሺህ ለሚቆጠሩ ወጣቶች ግን ሌላ መንገድ መፈለግ ግድ ነበር።

ያ ሌላ መንገድ መጀመሪያ የታሰበው ለውጭ ዜጋ አልነበረም። በ1919 ሞስኮ ውስጥ «ራብፋክ» የተባለ የሠራተኞች ፋኩልቲ ተከፈተ። ከፋብሪካና ከእርሻ የመጣ፣ ሁለተኛ ደረጃ ያልጨረሰ ወጣት በጥቂት ዓመት ሒሳብ፣ ፊዚክስና ቋንቋ ተምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ እንዲገባ የሚያደርግ ተቋም ነበር። ብዙም ሳይቆይ በመላ አገሪቱ ተዛመተ። በ1930ዎቹ መጨረሻ መደበኛው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሲስፋፋ ሥራው አበቃና ተዘጋ። ሐሳቡ ግን አልሞተም። የዩኒቨርሲቲውን ደፍ ዝቅ ማድረግ አያስፈልግም፤ ተማሪውን እስከ ደፉ ድረስ ከፍ የሚያደርግ ክፍል በዚያው ግቢ ውስጥ ይቋቋም የሚል ነበር። ምሥራቅ ጀርመንም በ1949 ይህንኑ ወርሳ የሠራተኞችና የገበሬዎች ፋኩልቲዎችን አቋቋመች። በ1951 ላይፕዚግ የደረሱት 11 ናይጄሪያውያን ተማሪዎች ጀርመንኛ የተማሩት በዚሁ ማዕቀፍ ውስጥ ነበር። በ1956 ለውጭ ተማሪዎች ራሱን የቻለ ተቋም እዚያው ተመሠረተ፤ በ1961 ደግሞ ሄርደር ኢንስቲትዩት ተባለ። በዚህ መንገድ ለገዛ አገሩ ገበሬ የተሠራው መሰላል ለአፍሪካዊው ወጣትም ዋለ።

ሶቪየት ኅብረት ራሷ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ጀምሮ ከምሥራቅ አውሮፓ የሚመጡ ተማሪዎችን ትቀበል ነበር። ነገሩን የለወጠው አፍሪካ ነው። ቅኝ ግዛቶች ተራ በተራ ነፃ ሲወጡ አዲሶቹ መንግሥታት መንገድ የሚሠራ፣ ግድብ የሚገነባ፣ ኤሌክትሪክ የሚዘረጋ ሰው አጡ። በየካቲት 1960 ኒኪታ ክሩሽቾቭ ኢንዶኔዥያን ሲጎበኙ ለእስያ፣ ለአፍሪካና ለላቲን አሜሪካ ወጣቶች የሚሆን ዩኒቨርሲቲ ሞስኮ ላይ እንደሚከፈት አስታወቁ። በዚያው ዓመት መከር የሕዝቦች ወዳጅነት ዩኒቨርሲቲ ከ59 አገሮች የመጡ 539 የውጭ ተማሪዎችን ተቀብሎ ሥራ ጀመረ። በጥር 1961 ፓትሪስ ሉሙምባ ተገደለ፤ በቀጣዩ ወር ዩኒቨርሲቲው በስሙ ተጠራ። ከፋኩልቲዎቹ አንዱ የምህንድስና ነበር፤ ሌላው የፊዚክስ፣ የሒሳብና የተፈጥሮ ሳይንስ። ወደ እነርሱ የሚያስገባው በር ግን የዝግጅት ፋኩልቲው ነበር፤ ከመጡት አብዛኞቹ አንድም የሩሲያኛ ቃል አያውቁም ነበርና።

ሉሙምባ ዩኒቨርሲቲ ስሙ ገናና ስለሆነ ፓድፋክ ሲባል ብዙ ሰው እርሱን ብቻ ያስባል። ይህ ስሕተት ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የዝግጅት ፋኩልቲዎች በሌኒንግራድ፣ በኪየቭ፣ በካርኮቭ፣ በኦዴሳ፣ በሚንስክ፣ በቮሮኔዥ፣ በሮስቶቭ፣ በክራስኖዳር፣ በባኩና በታሽኬንት ተከፍተዋል። አንድ ኢትዮጵያዊ ታሽኬንት በሐብሐብ ወቅት ሩሲያኛ ሊጀምር፣ ከዓመት በኋላ ሌኒንግራድ በበረዶ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ሊማር ይችል ነበር። የመጀመሪያ ከተማው ግን ከልቡ አይወጣም። ሞሪታኒያዊው የፊልም ዳይሬክተር አብዱራህማን ሲሳኮ የሲኒማ ትምህርቱን በሞስኮ ከመጀመሩ በፊት ሩሲያኛ የተማረው በሮስቶቭ ነው። እዚያ ከአንድ አንጎላዊ ጋር ተዋወቀ። ከዓመታት በኋላ ያንን ወዳጁን ፍለጋ አንጎላ ድረስ ሄዶ፣ በ1997 «ሮስቶቭ-ሉዋንዳ» የተባለውን ዘጋቢ ፊልም ሠራ።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ፤ የተቋሙ ምሥጢር ያለው እዚያ ነው።

ዓመቱ የሚጀምረው በመስከረም ነው። ይህ ግን በወረቀት ላይ ነው፤ ቪዛና ፓስፖርት ያዘገየው ተማሪ በጥቅምትና በኅዳርም ይመጣል፤ የዘገየውም ያንኑ ትምህርት ባጠረ ጊዜ መጨረስ አለበት። ክፍሉ ትንሽ ነው፤ ዐሥር ሰው ቢሆን ነው። አብዛኛውን ጊዜም የተለያየ አገር ልጆችን ያደባልቃል። ኢትዮጵያዊው ከቬትናማዊ፣ ከየመናዊና ከኮንጎ ልጅ ጋር ሲቀመጥ ሁሉንም የሚያግባባ አንድ ቋንቋ ብቻ ይቀራል፤ እርሱም ገና ያልተማሩት ሩሲያኛ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ድምፅ ላይ ያልቃሉ። የእኛ ልጆች «ሽ»ንና «ዥ»ን ያለ ችግር ያወጣሉ፤ የሩሲያኛው ለስላሳና ጠንካራ ተነባቢ ግን ያስቸግራቸዋል። ከዚያ ስሞች በስድስት ሙያ እየተለዋወጡ ይመጣሉ።

በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ነገሩ ይለወጣል። ገበያ መውጣትና ሰዓት መጠየቅ ገና በደንብ ያልለመደው ተማሪ የሒሳብ፣ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ክፍል ይገባል፤ ለምህንድስና የተመደበው ደግሞ የቴክኒክ ንድፍ ይጨመርለታል። ይህ ግፍ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን የተቋሙ ትልቁ ግኝት ይህ ነው እላለሁ። ሥራውን ያቃለለው የሳይንስ ቋንቋ ጠባብ መሆኑን ማስተዋላቸው ነው። ስለ ፍቅር ለማውራት ቋንቋውን ሁሉ ማወቅ ይጠይቃል፤ ስለ ትሪያንግል ለመናገር ግን ጥቂት የዓረፍተ ነገር ቅርጾች ይበቃሉ። ስለዚህ አስተማሪዎቹ ቅርጾቹን ከፊዚክስና ከሒሳብ መጻሕፍት ውስጥ ለቅመው አወጡ። «ሽቶ ናዚቫዬትሳ ቼም» ምን ምን ተብሎ እንደሚጠራ ለመናገር፤ «ሽቶ ሶስቶይት ኢዝ ቼቮ» ምን ከምን እንደተሠራ፤ «ሽቶ ዛቪሲት አት ቼቮ» ምን በምን እንደሚወሰን። በሦስቱ ብቻ ውሃ ከሃይድሮጅንና ከኦክሲጅን የተሠራ መሆኑን፣ የሽቦ ሬዚስታንስ በርዝመቱ እንደሚወሰን፣ አራት እኩል ጎንና እኩል ማዕዘን ያለው ቅርጽ ካሬ እንደሚባል መናገር ይቻላል። ተማሪው የሚያውቀውን ሳይንስ በማያውቀው ቋንቋ መልበስ ሲጀምር ቋንቋው በሳይንሱ፣ ሳይንሱም በቋንቋው ይጠናከራል።

የፊዚክስ አስተማሪውና የሩሲያኛ አስተማሪዋ ለዚህ አብረው መሥራት ነበረባቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ፊዚክስ ላይ ፍጥነትና ፍጥንጥነት የሚመጡ ከሆነ ቃላቱ በሩሲያኛ ክፍል ቀድመው መግባት አለባቸው። የሒሳብ አስተማሪው በበኩሉ ዓረፍተ ነገሩን ያሳጥራል፤ ተማሪው ገና ያልደረሰበትን ሰዋስው ይተዋል፤ በየሳምንቱም ትንሽ ትንሽ ያከብደዋል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሁለት የትምህርት ክፍሎች መካከል እንዲህ ያለ መደማመጥ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ያስተማረ ያውቀዋል።

ቀመር ጮክ ብሎ ማንበብ ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር። በእንግሊዝኛ የተማረው ልጅ ቀመርን ዐይኑ እንጂ ምላሱ አያውቀውም። እዚህ ግን «ኢግሬክ እኩል ነው ሀ ኢክስ በካሬ ሲደመር…» እያለ በሩሲያኛ ቁጥር፣ በሩሲያኛ ክፍልፋይ፣ በሩሲያኛ ሥር ያነበንባል። ምክንያቱም ከዓመት በኋላ በትልቅ አዳራሽ ውስጥ ፕሮፌሰሩ ጀርባውን ሰጥቶ እየጻፈ ሲናገር፣ የሰማውን ወደ ምልክት መለወጥ አለበት።

ያንን አዳራሽ ለመቋቋም የሚያስፈልገው ደግሞ ማስታወሻ መያዝ ነው። በፓድፋክ ሁለተኛ መንፈቅ ላይ አስተማሪዎቹ የይስሙላ ሌክቸር እየሰጡ ተማሪው እንዲጽፍ ያደርጉ ነበር። ቃላቱ ረጃጅም ናቸው፤ ሙሉውን ልጻፍ ያለ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ይቀራል። ስለዚህ ቃል አሳጥሮ መጻፍ ያስተምሯቸዋል። እኩልታ ማለት የሆነው «ኡራቭኔኒዬ» ከመጀመሪያው ሁለት ሦስት ፊደል ብቻ ተወስዶ፣ ሰረዝ ተደርጎ፣ በመጨረሻው ፊደል ይዘጋል። «ፉንክፂያ»ም እንዲሁ። የመጨረሻውን ፊደል ማቆየት ጥበብ ነበረው፤ በሩሲያኛ የስሙ ሙያ ያለው መጨረሻው ላይ ነውና፣ ማታ ደብተሩን የሚገልጥ ተማሪ ቃሉ ባለቤት ይሁን ተሳቢ ከዚያ ያውቃል። እንዲህ ያለውን ዝርዝር ነገር አስቦ ለባዕድ ልጅ ማስተማር ፍቅር ይጠይቃል ብዬ አስባለሁ።

ፈተናውም ሌላ ዓለም ነበር። ማትሪክ ያለፈ ልጅ ምርጫ ማጥቆር ለምዷል። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ወረቀቶች በጀርባቸው ተዘርግተዋል፤ «ቢሌት» ይባላሉ። አንዱን ያነሣል፣ ለጥቂት ጊዜ ተቀምጦ ይዘጋጃል፣ ከዚያ ከአስተማሪው ፊት ቁጭ ብሎ በቃል ያስረዳል። ውጤቱ ከ5 ነው፤ 2 ያገኘ ወድቋል። በመሃል አስተማሪው ሊጠይቅ፣ ሊያርም፣ ሊረዳም ይችላል። ይህ ፈተና ምን ያህል ያስጨንቅ እንደነበር ያለፉበት ሁሉ ይናገራሉ። የሚያውቁትን ማስረዳት መቻል ግን ለመሐንዲስ ከሙያው ግማሽ ነው።

እነዚህ አስተማሪዎች፣ ብዙዎቹ ሴቶች፣ የሠሩት ሥራ ቀስ በቀስ ራሱን የቻለ የሙያ ዘርፍ ሆነ። በ1966 በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ሩሲያኛን ለውጭ ዜጎች የማስተማር ማዕከል ተቋቋመ፤ የመጀመሪያ ኃላፊው የቋንቋ ሊቁ ቪታሊ ኮስቶማሮቭ ነበሩ። በ1973 የፑሽኪን ኢንስቲትዩት ሆነ። በ1967 ደግሞ ዓለም አቀፉ የሩሲያኛ መምህራን ማኅበር ፓሪስ ላይ ተመሠረተ። የመጻሕፍቱ ሽፋን ላይ የሊቃውንቱ ስም አለ። ዘዴው የተፈተነው ግን በቮሮኔዥና በካርኮቭ ክፍሎች ነው፤ ማን የቱን ልምምድ እንደፈጠረ ዛሬ ለይቶ መናገር ያስቸግራል።

ኢትዮጵያ ከዚህ ታሪክ ጋር የተያያዘችው ከአብዮቱ በፊት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1959 ሞስኮን ጎብኝተው የ400 ሚሊዮን ሩብል ብድር ስምምነት ይዘው ተመለሱ። የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት በ1963 በሶቪየት ድጋፍ ተከፈተ፤ ጨርቃ ጨርቅ፣ ብረታ ብረት፣ እንጨት ሥራ፣ ኤሌክትሪክና የእርሻ መካኒክስ ይሰጥበት ነበር። ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። ከ1974 በኋላ፣ በተለይም ደርግ ከሶቪየት ጋር ከተሳሰረ ወዲህ ወደዚያ የሚሄደው ተማሪ እጅግ በዛ። ብዙዎቹ ከክፍለ ሀገር የመጡ፣ አውሮፕላን ሲሳፈሩ የመጀመሪያቸው የሆነ ልጆች ነበሩ። እነዚህ ልጆች ቋንቋ ሲሻገሩ ይህ ሁለተኛቸው ነው፤ ለአንዳንዱም ሦስተኛው። ከአፍ መፍቻው ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ ሩሲያኛ። የመጨረሻው ብቻ ነው ድልድይ ተሠርቶለት የጠበቃቸው።

የሚከፈላቸው ገንዘብ በወር ወደ 90 ሩብል ይደርስ ነበር፤ ሩሲያዊው ተማሪ ከሚያገኘው ይበልጣል። የክረምት ካፖርትና ኮፍያ መግዣም ይሰጣቸዋል። ይህ ልዩነት አንዳንዴ ቅሬታ ያስነሣ ነበር። የከፋም ነገር ነበር። በታኅሣሥ 1963 ኤድመንድ አሳሬ-አዶ የተባለ ጋናዊ የሕክምና ተማሪ ሞስኮ አቅራቢያ ሞቶ ተገኘ። ባለሥልጣናቱ ሰክሮ በብርድ ሞተ አሉ፤ ጓደኞቹ ተገድሏል ብለው ወደ 500 የሚሆኑ አፍሪካውያን ተማሪዎች ቀይ አደባባይ ወጥተው ዘረኝነትን ተቃወሙ። በዚያ ዘመን በዚያ አደባባይ ያለ ፈቃድ ሰልፍ መውጣት ያልተሰማ ነገር ነበር። ወዳጅነት በስሙ የተጻፈበት ተቋም የሚኖረው ወዳጅነትም ጥላቻም ባለበት ከተማ ነው፤ የክፍሉ ደግነት ለጎዳናው ዋስትና አልሆነም። በፓድፋክ ውስጥም ቢሆን ተማሪው የት ከተማ፣ የትኛውን ሙያ እንደሚማር ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በሌሎች ነበር። ሕክምና የተመኘ ማዕድን፣ አውሮፕላን የተመኘ የግብርና መሣሪያ ሊደርሰው ይችል ነበር።

በ1980ዎቹ አጋማሽ ኮምፒዩተር መጣ። በ1985 የሶቪየት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሙሉ የኢንፎርማቲክስ መሠረት የሚባል ትምህርት እንዲጀምሩ ተወሰነ። የሐሳቡ አባት አንድሬይ ዬርሾቭ ነበር፤ በ1981 ሎዛን ላይ በተደረገው ጉባኤ ፕሮግራሚንግ ሁለተኛው ማንበብና መጻፍ ነው ብሎ የተነሣው የሳይንስ ሊቅ። ችግሩ ማሽኑ አለመኖሩ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ ያለ ኮምፒዩተር፣ በወረቀትና በእስክሪብቶ የሚማሩት ሆኖ ተዘጋጀ፤ ለዚህም ቁልፍ ቃላቱ ሩሲያኛ የሆኑ የአልጎሪዝም ቋንቋ ተጠቀሙ። ትምህርቱ ከትምህርት ቤቶቹ ቀጥሎ ለቴክኒክ ዘርፍ በሚያዘጋጁ ፓድፋኮችም ገባ።

ለውጭ ተማሪ ይህ ነገር ያልታሰበ በረከት ሆነ ባይ ነኝ። «ዬስሊ… ቶ… ኢናቼ» ማለት ከሆነ፣ እንግዲያው፣ አለዚያ ነው። ለአልጎሪዝሙ የሚያስፈልገው ለሩሲያኛ ሰዋስውም ያስፈልጋል። የድግግሞሽ መጀመሪያና መጨረሻ እያንዳንዳቸው በሁለት ፊደል ይጻፋሉ፤ ተማሪው ፊደሎቹን ሙሉ ቃል አድርጎ ሲያነብ «መጀመሪያ»ንና «መጨረሻ»ን ሺህ ጊዜ ይለማመዳል። የሁለት ቁጥሮች ትልቁን አካፋይ የሚፈልግ አንድ አጭር ፕሮግራም የሒሳብ፣ የኮምፒዩተርና የቋንቋ ትምህርት በአንድ ገጽ ነበር። ማሽን ባለመኖሩ ፕሮግራሙን የሚያስኬደው ራሱ ተማሪው ነው። በደብተሩ ላይ ሠንጠረዥ አስምሮ፣ የእያንዳንዱን ተለዋዋጭ ዋጋ ደረጃ በደረጃ እየጻፈ፣ ምን እንደሠራ ለክፍሉ በቃል ይናገራል። ዛሬ ኮዱን ገልብጦ «ሠራ» የሚል ተማሪ በበዛበት ጊዜ ይህ ልምምድ ቢመለስ እወዳለሁ።

በ1990 ሶቪየት ኅብረት ውስጥ 126,500 የውጭ ተማሪዎች ነበሩ፤ ከአሜሪካና ከፈረንሳይ ቀጥሎ በዓለም ሦስተኛ። በቀጣዩ ዓመት አገሪቱ ራሷ ፈረሰች። ለኢትዮጵያውያኑ 1991 ድርብ መናጋት ነበር፤ በግንቦት ደርግ ወደቀ፣ በታኅሣሥ የተቀበላቸው መንግሥት ጠፋ። የሚሰጣቸው ሩብል በዋጋ ንረት ከንቱ ሆነ። ፓድፋኮቹ በየአዲሱ አገር ተበታተኑ፤ ኪየቭና ካርኮቭ ዩክሬን፣ ሚንስክ ቤላሩስ፣ ታሽኬንት ኡዝቤኪስታን ሆኑ። ብዙዎቹ ራሳቸውን ለማስተዳደር በክፍያ የሚማር መቀበል ጀመሩ፤ ካርኮቭም እስከ 2022ቱ ጦርነት የውጭ ተማሪ የሞላባት ከተማ ነበረች። በሩሲያ ተቋሙ ዛሬም አለ። መንግሥት ለውጭ ዜጎች የሚሰጠው ነፃ ቦታ በ2023 ወደ 30,000 አድጓል። ሩሲያኛ የማያውቅ ገቢ መጀመሪያ የዝግጅት ዓመቱን ይማራል፤ ኢንፎርማቲክስም ዛሬ ከሒሳብና ከፊዚክስ ጎን ቦታ አግኝቷል።

የዝግጅት ዓመት የሩሲያ ብቻ አይደለም። ጀርመን የውጭ ተማሪን ለዩኒቨርሲቲ በሚያዘጋጀው «ሽቱዲየንኮሌግ» ለቴክኒክ ተማሪ የተለየ ኮርስ አላት። ቻይናም ከ2010 ወዲህ በመንግሥት ስኮላርሺፕ ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚመጣ ሰው አስቀድሞ ቻይንኛን ከሒሳብና ከፊዚክስ ጋር እንዲማር ታደርጋለች። ሁሉም የሚሄዱበት መንገድ አንድ ነው።

የእኛም ጉዳይ ከዚህ አይርቅም። የኢትዮጵያ ልጅ በአፍ መፍቻው ከተማረ በኋላ እንደየክልሉ ሰባተኛ ወይም ዘጠነኛ ክፍል ላይ ሒሳብና ሳይንስ በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆኑበታል፤ የሚያሻግረው ዓመት የለም። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የፍሬሽማን ዓመት ተመልሷል፤ ነገር ግን የእንግሊዝኛው ኮርስ ለሕግ ተማሪም ለምህንድስና ተማሪም አንድ ዓይነት ነው፣ የፊዚክሱ መምህርም የእንግሊዝኛውን መምህር ላያውቀው ይችላል። በፓድፋክ ያለፉ፣ ዛሬም በየዩኒቨርሲቲያችን የሚያስተምሩ ወይም በቅርቡ ጡረታ የወጡ ሰዎች አሉን። ትምህርት ሚኒስቴር እነዚህን ሰዎች ሰብስቦ፣ አንድ የፊዚክስና አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ቢያንስ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን መንፈቅ ትምህርት አብረው እንዲያዘጋጁ ቢያደርግ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሥራውም ከየትኛው ዓረፍተ ነገር እንደሚጀመር ይታወቃል፤ ምን ከምን እንደተሠራ፣ ምን በምን እንደሚወሰን።